ትንሿ ናዝሬት

የእናቴ ቡፌ ሲከፈት የራሱ ሽታ አለው። የአሮጌ ጣውላ፣ የናፍታሌን፣ ከሥር ደግሞ ድሮ ፈሶ እስካሁን ያልለቀቀ የማስቲሽ ሽታ። ባለቤቴን ከቀበርኩ በኋላ እናቴ "ነይ፣ እኔ ጋ ቁጭ በይ" ብላ ወደ ሶዶ ጠራችኝ። መጣሁ፤ ቁጭ አልኩ። ብዙ አላወራም። እሷም ጆሮዋ ስለደከመ ብዙ አታስወራኝም። አንድ ቀን ጠዋት ሳህን ላወጣ ቡፌውን ስከፍት ያ ሽታ ፊቴን አገኘኝ። ከሻይ ብርጭቆዎቹ ጀርባ ባለ ረጅም እግሩ ቀጭን ብርጭቆ እንደ ድሮው ቆሟል። ጎኑ ላይ ጥፍር የምታህል ቢጫ ጠባሳ አለችው፤ የማስቲሹ ናት። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠዋት ጠዋት ትንሽ ትንሽ እጽፋለሁ፤ ስለዚያ ብርጭቆና ሁለተኛ ክፍል ስለነበርኩበት ዓመት።

አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ዘመዶቹ ቦዲቲ አካባቢ የሚያርሱ ሰዎች ናቸው፤ እሱ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ መንገድ የሚወድ ሰው ነበር ይባላል። ከእኛ አገር ቡናና በቆሎ ጭኖ ይወጣል፤ ሲመለስ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ያመጣል። ማደሪያው ናዝሬት ነበረች። ዛሬ አዳማ የምንላትን ከተማ ያን ጊዜ እኛ ሰፈር በሌላ ስም የሚጠራት አልነበረም። "አባትሽ የት ሄደ?" ሲሉኝ "ናዝሬት" እላለሁ። ከስሜ ቀጥሎ የለመድኩት መልስ እሱ ይመስለኛል።

ብርጭቆውን ያመጣው ከዚያ ነው። በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ በጃኬቱ ሸፍኖ፣ ጋቢና ውስጥ ከጎኑ አስቀምጦ። እናቴ ጋዜጣውን ፈታ ስታየው ሳቀች።

"ይሄ የወይን ጠጅ መጠጫ አይደለም እንዴ? አማኝ ቤት ምን ይሠራል?"

"ውሃ ጠጪበት አስቱ። ውሃ ጠጥቶ ከቤተ ክርስቲያን የተባረረ ሰው ሰምተሽ ታውቂያለሽ?"

ማንም ውሃ አልጠጣበትም። ቡፌው ላይ፣ ከሻይ ብርጭቆዎቹ አጠገብ ተቀመጠ። ቤታችን ለአስፋልቱ ቅርብ ነው። የአባቴ መኪና ከዋናው መንገድ ወደ እኛ ሰፈር ሲታጠፍ ወለሉ ይንቀጠቀጥና ቀጭኑ ብርጭቆ ከጎረቤቱ ጋር እየተነካካ ይንጫጫል። ጥሩምባው ገና ሳይሰማ እኔ በር ላይ ነኝ። እናቴ "ይቺ ልጅ አባቷን ታሸታለች" ትላለች። እኔ የማሸተው ሳይሆን ብርጭቆው የሚነግረኝ ነበር።

ነሐሴ ላይ አንድ ቀን ማለዳ አክስቴ መጥታ እሷ ወደምትኖርበት ወደ ገሱባ ወሰደችኝ። ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም። መንገዱ ጭቃ ስለነበር አውቶቡሱ ሁለት ጊዜ ቆሞ ወንዶቹ ወርደው ገፉ፤ እኔ በመስኮት እያየሁ ሳቅኩ። እዚያ ሰነበትኩ። ጊፋታ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ አልፎ ወደ ሶዶ ስመለስ እናቴ ጥቁር ለብሳ አገኘኋት። በየቤቱ የበዓል ሥጋ ሲከፋፈል እኛ ቤት ቅርጫ እንዳልገባ የጎረቤት ልጆች ነገሩኝ። ሳሎኑ በሰው ተሞልቷል። የአባቴ የሥራ ጓደኞች፣ ሾፌሮቹ፣ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በአማርኛ ያወራሉ። "እዚያው ናዝሬት ቀረ" ይላሉ። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ደግሞ አንዴ በወላይትኛ አንዴ በአማርኛ "ጌታ ወሰደው" ይላሉ። ሞተ የሚለውን ቃል ማንም በእኔ ፊት አላወጣውም።

እኛ ቤት የሚነገረው ወላይትኛ ነው። አማርኛ የትምህርት ቤትና የእንግዳ ቋንቋ ስለነበር ቃል በቃል ነበር የምሰማው። ቀረ ማለት ቀረ ነው፤ አልተመለሰም፣ እዚያ አለ። ጌታ ወሰደው የተባለውም ገብቶኛል። በሰንበት ትምህርት ቤት ጌታ ኢየሱስ የናዝሬት ሰው እንደሆነ ተምረናል። ታዲያ ወደ ሌላ ወዴት ይወስደዋል? ወደ ከተማው ነው። አባቴም የሚያውቃት ከተማ ናት። ሁሉም ነገር ገጠመልኝ። ሰዎቹ ለምን እንደሚያለቅሱ ብቻ አልገባኝም። ርቆ ስለቆየ ይሆናል አልኩ።

እናቴ ከዚያ በፊት መዘምራን ውስጥ ነበረች። ቤት ውስጥም ቦይና የሚባለውን ድንች መሳይ ሥራ ሥር ስትልጥ፣ ልብስ ስታሰጣ፣ ከአፏ ዜማ አይጠፋም፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከአጥሩ ውጭ ሆኜ የት እንዳለች በድምፅዋ አውቃለሁ። ከጊፋታ በኋላ ያ ቆመ። እሑድ እሑድ ከኋላ ወንበር ትቀመጣለች። ሰው ሁሉ ሲዘምር ከንፈሯን ቀና ብዬ አያለሁ፤ አይነቃነቅም። ከትምህርት ቤት ስመለስ አሁን ጓሮውንም ጓዳውንም ዞሬ ነው የማገኛት።

ብቻችንን እንዳንሆን ብሎ ታናሽ ወንድሟ ሳሙኤል ጓሮ ያለችው ሰርቪስ ውስጥ ገባ። የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነበር፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ ጠመኔ የነካው። ያን ዓመት ትምህርት ቤታቸው የተማሪዎችና የመምህራን ሥራ ለወላጆች የሚታይበት ቀን ሊያዘጋጅ ነው። የወረዳ ሰዎችም ይመጣሉ ተብሏል። አጎቴ ብርጭቆ ሲጮህ ምን ያህል እንደሚነቃነቅ ለክቶ ለማሳየት ፈለገ። ችግሩ ሁለት ነበር። አንደኛው ፊዚክስን በእንግሊዝኛ ስለተማረ በአማርኛ ማስረዳት ይጨንቀው ነበር። መዝገበ ቃላት ተውሶ አመጣና ለቫይብሬሽን ንዝረት የሚል አገኘ። ቃሉን ወደደው። ምላሱ ግን የወላይታ ምላስ ነበርና ሲጠራው ይረዝምበታል፤ ንዝሬት ይለዋል፤ ሲቸኩል ደግሞ ከዚያም ይብሳል።

ሁለተኛው ችግር ብርጭቆ ነበር። የእኛን የሻይ ብርጭቆዎች በማንኪያ እየመታ ጆሮውን አስጠጋ። "ይሄ ደንቆሮ ነው። ይሄም ደንቆሮ ነው" እያለ መለሳቸው። ቅዳሜ ከእኔ ጋር ገበያ ወጣን፣ ጋሽ ወልዴ ጋ። ጋሽ ወልዴ አባቱ ከጉራጌ መጥተው ሶዶ የቀሩ፣ ወላይትኛው ከእኛ የማይተናነስ ነጋዴ ነው፤ የሸክላም የብርጭቆም ዕቃ ይሸጣል። አጎቴ መደርደሪያውን ከዳር እስከ ዳር በማንኪያ ሲያንኳኳ ጋሽ ወልዴ ጥቂት ታገሠውና፦

"መምህር፣ ትገዛለህ ወይስ ቃጭል ነው የምትፈልገው?" አለው።

"ቀጭን ነው የምፈልገው ጋሽ ወልዴ። ሲነኩት የሚያዜም።"

"የሚያዜም ከፈለግህ እህትህ አለችልህ" አለና ወዲያው ደነገጠ። ማንኪያውን ከአጎቴ እጅ ወስዶ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠው። "ሰላም በልልኝ" አለው ቀስ ብሎ።

ባዶ እጃችንን ተመለስን። አጎቴ ቡፌውን ማየት አበዛ። እናቴ ዓይኑን አይታ "እሱን አትንካ" አለችው። አልነካውም። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ቁርስ ላይ ራሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ከፊቱ አቆመችው።

"ከተሰበረ..." አለች። ወደ ጓሮ ወጣች።

አጎቴ አንድ የኪስ መስታወት ሰበረና ከስብርባሪው የምስር ፍሬ የምታህለውን መረጠ። ከበለጠች ብርጭቆውን ትከብደዋለች፣ ድምፁን ትገድለዋለች አለኝ። በማስቲሽ የብርጭቆው ጎን ላይ ለጠፋት፤ የተረፈው ማስቲሽ ቡፌው ውስጥ የተደፋው ያን ቀን ነው። ከዚያ የሳሎኑን መስኮት ዘጋን። በጣውላው ላይ አንድ የሚስማር ቀዳዳ ነበረች፤ ፀሐይ በእሷ ብቻ ገባች። የብርሃኗ ዘንግ መስታወቷ ላይ ስታርፍ ከዚያ ተመልሳ በወዲያኛው ግድግዳ ላይ የባቄላ ፍሬ የምታህል ነጠብጣብ ሆነች። አጎቴ ጣቱን ውሃ ነክሮ የብርጭቆውን ከንፈር ቀስ ብሎ ዞረው። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ቀጭን ድምፅ ቤቱን ሞላው። ብርጭቆውን አየሁ፤ ዝም ብሎ ቆሟል። ግድግዳውን አየሁ፤ ነጠብጣቧ ተስባ መስመር ሆናለች።

"ያዢ ማስመሪያውን!" አለኝ። በጠመኔ የመስመሩን ጫፍና ጫፍ ምልክት አደረገ፤ እኔ ማስመሪያውን ዘረጋሁ፤ እሱ አነበበ። ያን ወቅት የእኔ ሥራ ይህ ነበር። ፀሐይ ስትኖር እንለካለን። ዳሞታ ተራራ ጭጋጉን ወደ ከተማው ሲለቅብን ነጠብጣቧ ትደበዝዝና ትጠፋለች፤ እኛም መስኮቱን ከፍተን እንቀመጣለን።

አንድ ቀን የጎረቤታችን የማቴዎስ እናት በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ እየሮጠች ገባች።

"ምንድን ነው የሚያለቅሰው? ልጅቷን ምን አደረጋችሁ?" ከጨለማው ውስጥ ዓይኗ ብርጭቆው ላይ አረፈ። "የሱስ! መጠጥ ደግሞ! በኀዘን ቤት! ሳሙኤል፣ አንተ መምህር አይደለህም?"

"ውሃ ነው እትዬ። ይቅመሱት።"

"እኔ? ምን ቆርጦኝ!" አለችና ግን ጣቷን ነክራ ላሰች። "ውሃ ነው" አለች፣ ትንሽ ቅር ያላት መሰለኝ። ከዚያ ድምፁን እንደገና አሰማኝ አለችው፤ እስኪመሽ አልሄደችም።

አጎቴ ንግግሩን የሚለማመደው ሲለካ ነው። ግድግዳውን እንደ ሰው እያየ፦ "ክቡራን እንግዶች፣ የዚህ ብርጭቆ ንዝሬት ትንሽ ነው። በዓይን አይታይም። የለም ማለት ግን አይደለም። አለ። በብርሃን እንደርስበታለን።"

እኔ የሰማሁት ናዝሬት ነው። የብርጭቆው ናዝሬት። ትንሽ ናት፣ አትታይም፣ ግን አለች። ብርጭቆውም የመጣው ከዚያ ነው፤ አባቴ ሲመጣ የሚነግረኝም እሱ ነበር። ማስመሪያውን እንደያዝኩ ወደ ነጠብጣቧ ተጠጋሁ።

"ጋሼ፣ ናዝሬት ሩቅ አይደለም እንዴ?" አልኩት።

እሱ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነበር። "ርቀቱ ነው የሚያጎላው" አለኝ ጠመኔውን እያፈላለገ። "መስታወቷ ጋ የፀጉር ያህል የማትሆነው ነገር ግድግዳው ጋ ስትደርስ ጣት ታህላለች። በራቀ ቁጥር በደንብ ታይዋለሽ።"

ከዚህ በላይ ማረጋገጫ አልፈለግሁም። በማግሥቱ አጎቴ ትምህርት ቤት፣ እናቴ ጓሮ ሳለች፣ መስኮቱን ዘግቼ አፌን ብርጭቆው ላይ አድርጌ "አባዬ" አልኩ። ነጠብጣቧ አልተነቃነቀችም። ጠረጴዛውን ተደግፌ ጮክ ብዬ ጠራሁት። ተንቀጠቀጠች። ክርኔ ጠረጴዛውን እንዳነቃነቀው ዛሬ አውቃለሁ፤ ያን ቀን ግን መለሰልኝ። ከዚያ ወዲያ ፀሐይ ባለበት ቀን ሁሉ አወራዋለሁ። ጥርሴ እንደወለቀ ነገርኩት። እማዬ እንደማትዘምር ነገርኩት። መኪናው ከተበላሸ በአውቶቡስ እንዲመጣ ነገርኩት። ነጠብጣቧ ተንቀጠቀጠች። እሺ ማለት ነው አልኩ። ማታ ማታ ቡፌው ከተንጫጫ ብዬ ጆሮዬን አቁሜ እተኛለሁ።

ሥራው ለወላጆች የሚታይበት ቀን ሲቃረብ አጎቴ አንድ ነገር ጨመረ። ብርጭቆውን ሳይነካ በድምፅ ብቻ ሊያስጮኸው ፈለገ። "የራሱን ድምፅ ከሰጠሽው ይመልስልሻል። ልክ የራሱን ግን። ትንሽ ከሳትሽ ዝም ነው" አለኝ። ጎንበስ ብሎ ዜማ አወጣ። የጥጃ ድምፅ ወጣው። እኔ ሳቅኩ፤ እሱም ሳቀ፤ ነጠብጣቧ ግን እዚያው ነች። ደጋገመ። ላብ አጠመቀው። "የእኔን አያውቀውም መሰለኝ" አለ በቀልድ።

ለእኔ ግን ቀልድ አልነበረም። ማንን እንደሚያውቅ ገባኝ። እየሮጥኩ ወደ ጓሮ ወጣሁ። እናቴ ቦይና እየላጠች ነው።

"እማዬ ነይ ጥሪው! የአንቺን ድምፅ ያውቃል!"

"ማንን?"

"አባዬን! ናዝሬት ነዋ ያለው። ጋሼ ብሏል፣ ትንሽ ናት ግን አለች ብሏል። እኔን ትንሽ ትንሽ ነው የሚመልስልኝ። አንቺ ከጠራሽው ይመጣል።"

ቢላዋው እጇ ላይ ቆመ። አጎቴ ከኋላዬ በሩ ላይ ደርሷል።

"ምን ብለህ ነው የነገርካት?" አለችው።

"እኔ? ስለ ብርጭቆው ነው እንጂ። ስለ ንዝ..." አለ፤ ቃሉ አፉ ላይ ቀረ። ያን ጊዜ ራሱ ሰማው። ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ፤ ፊቱን ጠመኔ በነካው እጁ ሸፈነው።

እናቴ እጇን ታጠበች። በቀሚሷ ጠረገች። ከዚያ ፊቷ ከፊቴ እኩል እስኪሆን ተንበረከከችና በወላይትኛ ተናገረች፤ ቀስ ብላ፣ እያንዳንዱን ቃል መሬት ላይ እንደምታስቀምጥ።

"አባትሽ ናዝሬት የለም። መኪናው መንገድ ላይ ተገለበጠ። ሞቷል። አምጥተን ቦዲቲ ቀብረነዋል። አንቺ ገሱባ ሳለሽ ነው። ልነግርሽ ይገባኝ ነበር፣ አፌ እምቢ አለኝ። አይመጣም ልጄ።"

"ግን መልሶልኛል" አልኳት።

አልተቆጣችኝም፤ ውሸት ነው አላለችኝም። እጄን ይዛ ወደ ሳሎን ገባች። ነጠብጣቧ ግድግዳው ላይ አለች። ጣቷን ውሃ ነክራ የብርጭቆውን ከንፈር አንዴ ዞረችው፤ ድምፁን ሰማችና ጣቷን አነሳች። ዝም እስኪል ጠበቀች። ከዚያ አፏን ከፈተች። መጀመሪያ የወጣው የተዘጋ፣ የሻከረ ነገር ነበር። ጉሮሮዋን ጠርጋ እንደገና ሞከረች። ቃል አልነበረውም፤ አንድ ረጅም ድምፅ ብቻ። ትንሽ ከፍ አደረገችው፣ ትንሽ ዝቅ። ድንገት ነጠብጣቧ ተከፈተች። ከጠመኔው ምልክቶች ሁሉ አልፋ በግድግዳው ላይ ተዘረጋች። እናቴ እስትንፋሷ እስኪያልቅ አልተወችውም፤ ስትተወውም ብርጭቆው ብቻውን ትንሽ ቀጠለ።

"አየሽ?" አለችኝ። "ይሄ እሱ አይደለም። ይሄ እኔ ነኝ። እኔ አለሁ።"

ያን ጊዜ አለቀስኩ። ሰዎቹ ሁሉ ጊፋታ ላይ ያለቀሱትን እኔ ያን ቀን አለቀስኩት፤ እሷም ከእኔ ጋር። አጎቴ ጠመኔውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ፤ ምልክት ማድረግ ረሳ። በኋላ በግምት ሁለት ሰረዝ አሰመረ። ትክክል እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ቢሆንም ቤቱ ኖራ እስኪቀባ ድረስ ማንም አላጠፋውም።

በሚቀጥለው ሳምንት እናቴ ቦዲቲ ወሰደችኝ። መቃብሩ ላይ ሣር መብቀል ጀምሯል። እጄን አፈሩ ላይ አድርጌ ቆየሁ። አይንቀጠቀጥም። እናቴ ምን እንደማደርግ አልጠየቀችኝም፤ እሷም እጇን ከእጄ አጠገብ አደረገች። ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ተኛሁ። ከዚያ ማታ ጀምሮ ቡፌውን አላዳመጥኩም።

ሥራው የሚታይበት ቀን ዳሞታ ከጠዋት ጀምሮ ጭጋግ ለብሶ ዋለ። አጎቴ ጨለማ ባደረገው ክፍል ውስጥ ወላጆቹና የወረዳ ሰዎች ተጨናንቀው ባዶ ግድግዳ ያያሉ። ፀሐይ አልመጣችም። "ክቡራን እንግዶች" አለ በመጨረሻ፣ "ን...ዝ...ረ...ቱ አለ። የጠፋችው ፀሐይ ናት።" ቃሉን እንደዚያ ቆራርጦ ሲጠራው የሚያየው እኔን ነበር። ሰው ሳቀ፤ አጨበጨበለትም። ከኋላ ጋሽ ወልዴ "ቃጭሉን አሰማን እንጂ መምህር!" አለ። አጎቴ ጣቱን ነከረና አሰማቸው።

እናቴ ወዲያው ወደ መዘምራን አልተመለሰችም። ለገና ነው የተመለሰችው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመጣ ከአጥሩ ውጭ ሆኜ ጓሮ እንዳለች አወቅሁ።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ብርጭቆውን ይዤ ከቆምኩበት ጠዋት ጀምሮ ነው። ያን ጠዋት እናቴ ከመኝታ ቤት ወጥታ ምን እንደያዝኩ አየች። አቧራውን በቀሚሷ ጠረገችና ጠረጴዛው ላይ አቆመችው። ወንበር ስባ ተቀመጠች። አንድ ጣቷን፣ ሳትጫን፣ የብርጭቆው ጎን ላይ አሳረፈች። ድምፅሽን አውጪ እንደማለት በአገጯ ጠቆመችኝ።

"አይሆንልኝም እማዬ" አልኩ። አልሰማችኝም። ወይም እንዳልሰማች ሆነች።

ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ከኋላ ነው የምቀመጠው። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። የወጣው የአጎቴ ጥጃ ነበር፤ ሳቅ አመለጠኝ። እንደገና ጀመርኩ። ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ዝቅ። ውጭ ባጃጅ እየጮኸ አለፈ፣ ጠበቅሁት፣ ቀጠልኩ። እናቴ ዓይኗን ጨፍናለች። ጣቷን እያየሁ ድምፄን ያዝኩት፣ እስትንፋሴ ሊያልቅ ሲል ብርጭቆው ከጣቷ ሥር ነዘረ፤ ፊቷ ተፈታ።

"አለሽ" አለችኝ።